እቶኑ መጮህ የጀመረው መቼ ነው?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ሚኒሶታ ከገባ ገና ሦስት ወሩ ነው። እንደ ብዙዎቻችን እሱም ኑሮን የጀመረው ከምድር ቤት ነው፤ ቤዝመንት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦

"ቲቸር፣ በዚህ ሰዓት ይቅርታ። ከግድግዳዬ ጀርባ ያለው ፈርነስ እንቅልፍ ነሳኝ። በየሃያ ደቂቃው ይነሣል። መጀመሪያ ጠቅ ይላል፣ ቀጥሎ ያፏጫል፣ ከዚያ 'ቧ!' ብሎ ይቀጣጠልና እንደ ኤንትሬ መኪና ያጓራል። ሲጠፋ ደግሞ ቆርቆሮው ይንኳኳል። ጠዋት 11 ሰዓት ሥራ እገባለሁ። የፈርነሱ ክፍል በር ላይ ያሉትን ሽንቁሮች በብርድ ልብስና በፕላስተር ደፍኛቸዋለሁ፤ ትንሽ ቀነሰ። ሌላ ምን ባደርግ ይሻላል?"

መልስ አልጻፍኩም፤ ደወልኩለት። "አሁኑኑ ተነሥና ያንን ብርድ ልብስ አንሣው" አልኩት። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። ብርድ ልብሱን አንሥቶ ከተመለሰ በኋላ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ "ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ቴክኖሎጂ ያለበት አገር፣ እንዴት ቤት የሚያሞቅ ነገር ያለ ጩኸት መሥራት አቃታቸው?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን የመሰለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። መልሱ ደግሞ የሚገርም ነው፤ ችለው ነበር። የአሜሪካ የቤት ማሞቂያ ለረጅም ዘመን ዝም ያለ ነበር። መጮህ የጀመረው በኋላ ነው።

እኛ ለዚህ ዕቃ የራሳችን ስም የለንም። "ፈርነስ" ወይም "ሂተር" እንላለን። መዝገበ ቃላት ካያችሁ "እቶን" የሚል ታገኛላችሁ፤ እቶን ስንባል ግን የሚመጣብን ናቡከደነፆር ሰባት እጥፍ ያስነደደው፣ ሠለስቱ ደቂቅ የተጣሉበት፣ ታኅሣሥ 19 ስለ ቅዱስ ገብርኤል ስናስብ የምንሰማው እሳት ነው። እንቅልፍ የሚነሣ ዕቃ ለመሆን ትንሽ የከበደ ስም ነው። ቢሆንም "እቶን" እላለሁ፤ ምክንያቱም የ1900 ዓ.ም. አካባቢ የአሜሪካ ምድር ቤት ውስጥ የነበረው ዕቃ በእርግጥም እቶን ነበር።

እስቲ አስቡት። ምድር ቤቱ መሐል ላይ ትልቅ የብረት በርሜል ይቆማል፤ ውስጡ የድንጋይ ከሰል ይነዳል። ከራሱ ላይ ወፋፍራም የቆርቆሮ ቧንቧዎች ወደ ላይ እየተንጋደዱ ወደየክፍሉ ይሄዳሉ። ሰዎቹ መልኩን አይተው "ኦክቶፐስ" አሉት፤ ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ። ማራገቢያ የለውም። ሞተር የለውም። አሠራሩ ማንም የጎጆ ቤት ጭስ አይቶ ያደገ ሰው የሚያውቀው ነው፦ የሞቀ አየር ይቀልላል፣ ወደ ላይ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ይከብዳል፣ ወደ ታች ተመልሶ ወደ እቶኑ ይገባል። በዚህ ምክንያት ቧንቧዎቹ የግድ ሰፋፊ መሆን ነበረባቸው፤ የሞቀ አየር ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ በጠባብ መንገድ ግፉ ቢሉት አይሄድም። እቶኑም ቤቱ መሐል መቆም ነበረበት፤ አለዚያ ዳር ያለው ክፍል ይቀዘቅዛል።

ሰፊ ቧንቧ፣ ቀስ ያለ አየር። ድምፅ የለም። ድምፅ ነበር ከተባለ የሰው ድምፅ ነው፤ ጠዋት አባወራው ምድር ቤት ወርዶ አመዱን ሲያራግፍ፣ አካፋው ከብረት ጋር ሲጋጭ። ቧንቧዎቹ ባዶ ስለሆኑም የሳሎን ወሬ ልጆቹ መኝታ ቤት ድረስ ይሄድ ነበር።

ዝምታው ግን በነፃ አልመጣም። አንደኛ፣ ከሰል አካፋ ይፈልጋል፣ አመድ ይፈልጋል፣ ሌሊት መነሣት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ የድሮዎቹ እቶኖች በቁራጭ ቁራጭ የተገጣጠመ ቀልጦ የተሠራ ብረት ነበሩ። ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ መጋጠሚያቸው ይላቀቅና ጭስና ጋዝ ወደ ቤቱ አየር ይገባል። በ1895 አዮዋ ውስጥ ማርሻልታውን በምትባል የባቡር ከተማ ዴቭ ሌኖክስ የተባለ መካኒክ እንደ ባቡር ቦይለር በሪቬት የተያያዘ የብረት ሉህ እቶን መሥራት የጀመረው ለዚሁ ነው፤ ድምፅ ሊቀንስ ሳይሆን ጭሱን ሊዘጋ። በዚያ ዘመን ሰው ከእቶን የሚፈራው ጩኸቱን አልነበረም።

በነገራችን ላይ፣ ኒውዮርክና ዲሲ አሮጌ አፓርታማ የምትኖሩ፣ "ዝም ያለ ነበር" ስላልኩ አትቆጡኝ። የእናንተ ሌላ ጉድ ነው፤ የእንፋሎት ራዲያተር። እሱ ድሮም ጯሂ ነው። ሌሊት አንድ ሰው ቧንቧውን በመዶሻ እንደሚመታው የሚሰማችሁ፣ ቧንቧው በትክክል ስላልተጋደለ ቀዝቅዞ ውኃ የሆነው እንፋሎት መንገድ ላይ ተጠራቅሞ ስለሚቀር ነው። አዲስ እንፋሎት በፍጥነት ሲመጣ ያንን ውኃ አንሥቶ ከማጠፊያው ጋር ያላትመዋል። ጋኔን አይደለም፤ ጠበል አትርጩበት። ቧንቧው ተስተካክሎ እንዲጋደል ማድረግ ነው መድኃኒቱ።

ወደ እቶናችን እንመለስ። በ1885 እዚሁ ሚኒያፖሊስ ውስጥ አልበርት በትስ የሚባል ስዊዘርላንድ የተወለደ ሰው አንድ ብልሃት ፈጠረ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ በባትሪ የሚሠራ መቆጣጠሪያ አንዲት ሞተር ያነቃል፤ ሞተሯ የእቶኑን አየር ማስገቢያ ክዳን በሰንሰለት ትከፍታለች፣ እሳቱ ይበረታል፤ ክፍሉ ሲሞቅ መልሳ ትዘጋለች። የቴርሞስታት አያት ይህ ነው። ኩባንያው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ በ1927 ከኢንዲያናው ማርክ ሃኒዌል ድርጅት ጋር ተዋሐደ፤ በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ ስሙን ያያችሁት ሃኒዌል ማለት ነው። ያቺ የታወቀችው ክብ ቴርሞስታት በ1953 የወጣች ናት፤ ንድፏን የሠራው ሄንሪ ድራይፈስ ነው። ስለዚህ ተማሪዬን የሚያስነሣችው "ጠቅ" የምትለዋ ድምፅ የከተማው ልጅ ናት ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የምትመጣውን ሴት ብዙዎቻችሁ በየካቲት ወር በሚዞሩ ፖስቶች አውቃችኋት ይሆናል፤ አሊስ ፓርከር፣ የኒው ጀርሲዋ ሞሪስታውን ጥቁር አሜሪካዊት። ታኅሣሥ 23 ቀን 1919 ቁጥሩ 1,325,905 የሆነ የፈጠራ መብት ተሰጣት። ሐሳቧ እንዲህ ነበር፦ ከከሰል ይልቅ ጋዝ፤ አንድ ትልቅ እሳት ሳይሆን እያንዳንዳቸው ለብቻ የሚቆጣጠሯቸው በርካታ ማቃጠያዎች፤ ከእነሱም ወደ ተለያዩ ክፍሎች የሚሄዱ ቧንቧዎች። "የመጀመሪያዋ የማሞቂያ ፈጣሪ" የሚለው የፖስቱ አባባል ትክክል አይደለም፤ እቶንም የጋዝ ምድጃም ከእሷ በፊት ነበሩ። የሷ ትልቅነት ሌላ ነው። ቤቱን በክፍል በክፍል ከፍሎ ማሞቅ፣ የማይተኛበትን ክፍል ያለማሞቅ፣ ዛሬ "ዞን" ብለው በውድ የሚሸጡልን ሐሳብ፣ እሷ ሥዕል ላይ አስቀምጣዋለች። ሥዕሏ እንዳለ ተሠርቶ ገበያ አልወጣም።

አሁን ጩኸቱ ጋ ደረስን።

ወናፍ ታውቃላችሁ። ቀጥቃጩ ከሰሉን የሚያናፋበት የቆዳ ከረጢት። በ1930ዎቹ የአሜሪካ የቤት እቶን ወናፍ ተገጠመለት፤ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ማራገቢያ፣ ብሎወር የሚሉት። ለትልልቅ ሕንፃዎችማ ቀድሞም ነበር፤ የቦስተኑ ስተርትቫንት ከ1860ዎቹ ጀምሮ ለፋብሪካና ለአዳራሽ ማራገቢያ ይሠራ ነበር። ለተራ ሰው ቤት ግን መጀመሪያ መብራት መግባት ነበረበት።

ይህ ወናፍ ሁሉንም ነገር ቀየረ። አየሩ በራሱ ጉልበት መውጣት ስለሌለበት ቧንቧው ሊጠብ ቻለ። እቶኑ ሊያንስ ቻለ። መሐል መቆሙ ቀረ፤ ጥግ፣ ቁም ሣጥን መሰል ክፍል፣ ጣሪያ ላይ፣ የትም። ያ ኦክቶፐስ ከተነሣ ደግሞ ምድር ቤቱ ባዶ ቦታ ሆነ። ባዶ ቦታ ምን ይሆናል? መጫወቻ ክፍል ይሆናል፤ ቀጥሎ መኝታ ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚከራይ ክፍል ይሆናል። ተማሪዬ የተኛበት አልጋ የቆመው የድሮ የከሰል ክምር የነበረበት ቦታ ቢሆን አይደንቀኝም። ሰው መኖሪያውን ወደ እቶኑ ያስጠጋው እቶኑ መጮህ በጀመረበት ዘመን ነው። የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው።

ፍጥነቱን ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ጋዝ ጨመረበት። በ1940 የአሜሪካ ቤቶች ቆጠራ ከግማሽ በላይ የሆኑ ቤቶች በድንጋይ ከሰል፣ ከአምስት አንዱ በላይ ደግሞ በእንጨት ይሞቁ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ነዳጅ ከቴክሳስ ወደ ምሥራቅ ለማድረስ የተዘረጉት ሁለት ትልልቅ ቧንቧዎች፣ ቢግ ኢንችና ሊትል ቢግ ኢንች፣ በ1947 ተሸጠው ለተፈጥሮ ጋዝ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ አካፋው ተረሳ። ከሰል ቀስ ብሎ ነው የሚነደው፤ ጋዝ ግን በአንድ ቅጽበት ይነሣል፣ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ቆርቆሮው በድንገት ይሞቃል፣ በድንገት ይቀዘቅዛል። ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ "ቷ! ቷ!" የሚለው ያ ነው።

ቀጥሎ ኤሲ መጣ። ይህችን ነጥብ ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ሰው አያውቃትም። በክረምት ከእቶኑ የሚወጣው አየር ከክፍሉ አየር በጣም የሞቀ ስለሆነ ትንሽ አየር ይበቃል። በበጋ ግን ኤሲው አየሩን በፋራናይት 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ዝቅ የሚያደርገው፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት ብዙ አየር መንፋት አለበት። ለሙቀት ብቻ ተብሎ የተዘረጋ ጠባብ ቧንቧ ባለበት ቤት ኤሲ ሲገጠም ምን ተደረገ? ቧንቧውን ማስፋት ግድግዳ ማፍረስ ነው፤ ውድ ነው። ሞተሩን ማፍጠን ቀላል ነው። አፈጠኑት። በቀበቶ ቀስ ብሎ ይሽከረከር የነበረው ማራገቢያ ቀርቶ በቀጥታ ከሞተር ጋር የተያያዘ ፈጣን ማራገቢያ ተለመደ።

ማራገቢያ ደግሞ ክፉ ሕግ አለው። ፍጥነቱን በእጥፍ ብትጨምሩ አየሩ በእጥፍ ይጨምራል፤ የሚበላው ኃይል ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ድምፁም 15 ዲሲቤል ገደማ ይጨምራል። 10 ዲሲቤል ሲጨምር ጆሯችን ድምፁ እጥፍ ሆነ ይለናል፤ 15 ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ የቀረበ ነው። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ ትንሽ ማዘግየት ብዙ ዝምታ ያመጣል። የ1900 ሰዎች ቀመሩን ሳያስፈልጋቸው በሰፊ ቧንቧና በዘገምተኛ አየር ኖረውበታል።

ከዚያ የ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ። እኛ አገር አብዮቱ ዋዜማ ላይ ታክሲ ነጂዎቹ በቤንዚን ዋጋ ያመፁበት ቀውስ ነው፤ እዚህ ደግሞ መሐንዲሶቹን እቶን ሥር አስገባቸው። የድሮው እቶን ከሚያቃጥለው ጋዝ 30 በመቶና ከዚያም በላይ የሚሆነውን ሙቀት በጭስ ማውጫ ይለቀው ነበር። ያንን ሙቀት ሲይዙት ግን ጭሱ ቀዘቀዘ፤ የቀዘቀዘ ጭስ በራሱ ወደ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ጭሱን የሚገፋ ሁለተኛ ማራገቢያ ተጨመረ። ሕጉም ከ1992 ጀምሮ አዲስ የቤት እቶን ቢያንስ 78 በመቶ ቆጣቢ ይሁን ስላለ፣ ይህ ሁለተኛ ወናፍ በየቤቱ ገባ። ተማሪዬ ከ"ጠቅ" ቀጥሎ "ያፏጫል" ያለው እሱ ነው።

በዚህ መሐል በ1982 የሌኖክስ ኩባንያ (ያ የማርሻልታውኑ) "ፐልስ" የሚባል እቶን አወጣ። ቆጣቢነቱ ከ90 በመቶ በላይ ነበር፤ ለጊዜው ተአምር። ችግሩ አሠራሩ ነው፦ ጋዙ ያለማቋረጥ አይነድም፣ በየሰከንዱ ከ60 ጊዜ በላይ በትንሽ በትንሹ ይፈነዳል። መርሁ ጀርመኖች በ1944 ለንደን ላይ የለቀቁት የቪ-1 ቦምብ ሞተር መርህ ነው፤ ያ ቦምብ ከሩቅ እንደ ንብ እየዘፈነ ይመጣ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ይህን ሳሎን ሥር አስቀምጡት። እንደ መኪና ማፈኛ ይገጠምለት ነበር። ፈጠራው ግሩም ነው፤ እኔ ግን ጎኑ አልተኛም።

ሆሊውድም ዝም አላለም። በ1983ቱ "ኤ ክሪስማስ ስቶሪ" ፊልም አባትየው ምድር ቤት ወርዶ እቶኑን እየተሳደበ ሲታገል ታያላችሁ፤ በ1990ው "ሆም አሎን" ደግሞ ያ ትንሽ ልጅ ከሌቦቹ በፊት የሚፈራው ምድር ቤት ያለውን እቶን ነው። ልጆቼ ሲስቁ እኔ አልሳቅኩም፤ በመጀመሪያው ክረምቴ እኔም ያ ልጅ ነበርኩ።

እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሌሊት ሠርቼ ቀን ነበር የምተኛው። ድምፁ የሚመጣው በግድግዳው ላይ ባለው የአየር መውጫ ወንፊት ነው ብዬ ዘጋሁት። ሌላውንም ዘጋሁ። ፉጨቱ ባሰ! አየሩ መውጫ ሲያጣ በቀሩት ቀዳዳዎች በኃይል ይወጣል፤ ውኃ የሚረጭበትን ጎማ በአውራ ጣታችሁ ስትይዙት እንደሚሆነው። ጥቂት ቆይቶ እቶኑ ከመጠን በላይ ሞቆ መከላከያው አጠፋው፤ ቤቱ ሁሉ ቀዘቀዘ፣ አከራዬ በካፖርት ሆነው ወረዱ። ያቺን ቀን እስከ ዛሬ አንረሳትም፣ እሳቸውም እኔም።

ከ1980ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ነገሩ ወደ ዝምታ መመለስ ጀመረ። ፍጥነቱን እንደ አስፈላጊነቱ የሚቀያይር ሞተር መጣ፤ በዝግታ ይጀምራል፣ በዝግታ ይጨምራል። እሳቱም በሁለት ደረጃ፣ ዝቅ ብሎ ረጅም ሰዓት እንዲነድ ተደረገ። ዝቅ ያለ እሳት፣ ዘገምተኛ አየር። ወደ ኦክቶፐሱ ዘመን ሐሳብ ዞረው ዞረው መጡ ማለት ነው፤ በኤሌክትሮኒክስ። አንድ ጣጣ ግን አለው፦ ይህ ብልህ ሞተር ማጣሪያው ሲዘጋበት ወይም ቧንቧው ሲጠብበት "አየሩን ላድርስ" ብሎ ይበልጥ ይፈጥናል። የጠበበ ቧንቧ ያለበት ቤት ውድ እቶን ገዝቶ ይበልጥ የሚጮኽበት ሰው አለ።

አሁን ወደ ብርድ ልብሱ። ጋዝ ሲነድ አየር ይበላል። ያ በር ላይ ያሉት ሽንቁሮች ለጌጥ አይደሉም፤ የድሮ ዓይነት እቶን የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ሲደፈኑ እሳቱ አየር ያጥረዋል፣ ጭሱም ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ክፍሉ ሊመለስ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ መልክ የለው። አገር ቤት የከሰል ማንደጃ ይዘው በር ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ ማን አለ? ያው እሱ ነው፤ ከሰሉን በጋዝ ተኩት። ዴቭ ሌኖክስ በ1895 በሪቬት ሊዘጋው የታገለው ነገር ነው፣ ልጄ በብርድ ልብስ ሊያስገባው የነበረው። አዲሶቹ እቶኖች አየራቸውን በነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ከውጭ ነው የሚወስዱት፤ እነሱ ላይ ደግሞ ውጭ ያለውን የቧንቧ አፍ በረዶ እንዳይደፍነው ማየት ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ከየመኝታ ክፍሉ በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መኖር አለበት፤ ሕግ ነው። ልጁን "አለ?" ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ጣሪያው ላይ ክብ ነጭ ነገር ነበረ፤ ባትሪው ሲያልቅ 'ጢጥ ጢጥ' እያለ ስላስቸገረ አውርደነዋል" አለኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሄድኩ። የመጀመሪያ ሥራችን ማስጠንቀቂያውን ባትሪ ቀይሮ መልሶ መስቀል ነበር። ቀጥሎ ማጣሪያውን አወጣን፤ መጣድ የረሱት ምጣድ መስሎ ጠቁሯል፣ የገባበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። በሃርድዌር ሱቅ ርካሹን፣ ቀጭኑንና ብዙም ያልተጠቀጠቀውን ገዝተን ስናስገባ ማጓራቱ ወዲያው ለዘብ አለ። ፓነሉ ላይ አንድ ብሎን ጠፍቶ ነበር፤ ጥብቅ ስናደርገው ንዝረቱ ቆመ። "ቧ!" የምትለውን ግን አልነካናትም። ያ ጋዙ ዘግይቶ ሲቀጣጠል፣ ተጠራቅሞ በአንዴ ሲነሣ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ማቃጠያዎቹ ሲቆሽሹ ይመጣል፣ የባለሙያ ሥራ ነው። አከራዮቹ እማማ መጀመሪያ "ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚለው" ብለው ተቃወሙ። ሲያዩን ግን ማስጠንቀቂያውን ቀና ብለው አዩትና ለወንድ ልጃቸው ደወሉ፤ ባለሙያው ማክሰኞ መጥቶ ማቃጠያዎቹን ጠርጎ ሄደ።

ትናንት ልጁ መልእክት ልኮልኛል። "ጠቅ" አሁንም አለች፣ ፉጨቷም ትንሽ አለች፣ "ቧ" የለችም። አልጋውን ከእቶኑ ግድግዳ አንሥቶ ወደ ማዶ ወስዶታል። እንዲህም አለ፦ "ቲቸር፣ አሁን የሚነሣኝ እማማ ከላይ ቡና ሲወቅጡ ነው።"